የዮሐንስን ድርሻ ያላስቀሩ፦ የወይዘሮ ዘርፌ ደምሌ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ዘርፌ ደምሌ ከአባታቸው ከአቶ ደምሌ ቢያድግልኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ንግስት ፈንቴ፣ በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት በጋይንት አውራጃ በስማዳ ምድር፣ ሐምሌ 7 ቀን 1892 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የሥላሴ በዓል ስለ ነበር የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ ተባለ። ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ወንዙ ሞልቶ፣ አዋላጇ ማዶ ቆማ ሳለች ነው የተወለዱት። አባታቸው፣ ይህች ልጅ ስትመጣም ማንንም አላስፈቀደች እያሉ ያጫውቱ እንደ ነበር በቤተሰቡ ይነገራል። ኋላ ያወቃቸው ሁሉ ይህ ጠባይ እንዳልለቀቃቸው ይመሰክራል።

የስምንት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው ወይዘሮ ንግስት ታናሽ ወንድማቸውን ገብረ ሚካኤልን ወልደው፣ በአራስ ቤት እንዳሉ ዐረፉ። ሕፃኑን በላም ወተት ያሳደጉት፣ በአንቀልባ አዝለው ውኃ የወረዱት፣ ሲያተኩሰው አብረው ያለቀሱት ዘርፌ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ልጁን የዘርፌ ልጅ ይለው ጀመር፤ እሳቸውም አላስተባበሉም።

በ1907 ዓ.ም. ለጋይንቱ ለአቶ ሞላ ተድላ ታጩ። ሽማግሎቹ ነገሩን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ሙሽራዪቱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ወንድሜን ካልያዝሁ ከዚህ ቤት አልወጣም አሉ። ሽማግሌ ቢቆጣ፣ አክስት ብትለማመጥ ንቅንቅ አላሉም። እንዲህ ሆነና ገብረ ሚካኤል በሰባት ዓመቱ ከሙሽራዪቱ በቅሎ ኋላ ተፈናጥጦ ጋይንት ገባ። አቶ ሞላ፣ አንዲት ሴት ባገባ ሁለት አፍ መጣብኝ እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲያሾፉ ኖሩ። ልጁ አፋፍ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ሲቆጥር ዳቦውን በአገልግል ቋጥረው ይልኩ የነበሩት ግን አቶ ሞላ ራሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ ዘርፌ ፊደል አልቆጠሩም። እንዲህ ስንል ግን ዳዊት አልደገሙም ማለታችን አይደለም። ወንድማቸው ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያጠና እሳቸው ጥጥ እየፈተሉ ሰሙ፤ ሲሰሙ ያዙ። እሱ ሲሳሳት እንዝርታቸውን ሳያቆሙ ያርሙት ነበር። ገብረ ሚካኤል እስቴ ወርዶ በመካነ ኢየሱስ አካባቢ ዜማ ተማረ፤ መነኮሰ፤ ቅስና ተቀበለ፤ በ1922 ዓ.ም. አባ ገብረ ሚካኤል ተብሎ ወደ አፋፍ ሥላሴ ተመለሰ። እህታቸው በመጀመሪያው ቅዳሴ ቀን ከሴቶች መቆሚያ ሆነው እንደ ልጅ አለቀሱ። ማታ ሲጠየቁ ጢስ ነው አሉ።

ባልና ሚስቱ በአፋፍ ሥላሴ የመድኃኔ ዓለም ማኅበርተኞች ነበሩ። በየወሩ በ27 ተረኛው ጠላ ጠምቆ ዳቦ ጋግሮ ማኅበሩን ይቀበላል። አንድ አባል ታሞ ወይም መንገድ ሄዶ ከቀረ ድርሻው አይታጠፍም፤ ዳቦው ተቆርጦ፣ ጠላው ተቀድቶ ቤቱ ይላክለታል። ማኅበሩ ደግሞ ከጽዋው ጋር ከተረኛ ወደ ተረኛ የሚሄድ አንድ ገጽ ብራና አለው። በፊቱ የሕያዋን፣ በጀርባው የሙታን ስም ተጽፎበታል፤ ካህኑ ሁለቱንም እያነበበ ይጸልያል። የወይዘሮ ዘርፌን ሕይወት ለማወቅ የሚሻ ይህን ብራና ማወቅ አለበት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በእሱ ዙሪያ ነውና።

የጣሊያን ጦር አገራችንን በያዘ ጊዜ፣ በጥር 1930 ዓ.ም.፣ አንድ የጣሊያን ሹም አባ ገብረ ሚካኤልን አስጠርቶ፣ በዱር ያሉትን አርበኞችና ስንቅ የሚያቀብሏቸውን ሁሉ በሰንበት ቅዳሴ መካከል እንዲያወግዙ አዘዛቸው። አባም ያቆረብኋቸውን ልጆቼን በዚያው አፌ አላወግዝም አሉ። የሹሙ ወታደሮችም ቆባቸውን አውልቀው መሬት ጣሉት፤ እጃቸውን በሰንሰለት አስረው ወደ ደብረ ታቦር ነዷቸው። ከዚያ ወዲያ ባሕር አሻገሯቸው ከሚል ወሬ በቀር የሚጨበጥ ነገር ጠፋ። ወይዘሮ ዘርፌ ያቺን ቆብ ከአፈር አንስተው አራግፈው በሙዳይ ከተቱ።

አባም ማኅበርተኛ ነበሩና በየወሩ ድርሻቸው የሚላከው ወደ እህታቸው ቤት ነበር። ወይዘሮ ዘርፌ ግን አንድ ቀን አልቀመሱትም፤ ለመንገደኛ ይሰጡታል። የማኅበሩም ሰው ይህን እያየ ሲያዝን ቆየ። በ1931 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከአሥመራ የተመለሰ አንድ ጭነኛ፣ የጋይንት መነኩሴ በመርከብ ላይ ሞቶ ባሕር ተጣለ ብሎ አወራ። ቤተ ዘመድ አለቀሰ፤ አቶ ሞላም የነፍሱ ነገር ያሳስበናል ብለው በሬ ጣሉ፤ ፍትሐት ተደረገ፤ ጥቅምት ላይ ተዝካር ተበላ። የነፍስ አባታቸው መምሬ ወልደ ሰንበት የገብረ ሚካኤልን ስም በብራናው ጀርባ ጻፉት።

ወይዘሮ ዘርፌ ከዚያ ተዝካር አንዲት ጉርሻ አልቀመሱም። አገር ሁሉ ሲበላ እሳቸው ከጓሮ ተቀምጠው ባቄላ ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። ሊያጽናናቸው የሄደውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁታል፤ «ማን አየ?» ይሉታል። ጭነኛው ራሱ ከሌላ ሰው የሰማ እንጂ ያየ አልነበረም። ዘመድ ኀዘኑ አእምሮዋን ነካው ብሎ ፀበል ሊወስዳቸው ተማከረ።

እሳቸው ግን መምሬ ወልደ ሰንበት ደጅ ሄደው ቆሙ። ወንድማቸው ስለ ታሰሩት በሚጸለየው ጸሎት እንዲጠራላቸው ለመኑ። መምሬም አንድ ሰው በሙታንም በእስረኞችም እንዴት ይጠራል፣ ሥርዓት አይደለም ብለው መለሷቸው። በማግሥቱም መጡ፤ በሦስተኛውም ቀን መጡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነጠላቸውን አደግድገው ከዚያ ደጅ አልጠፉም። መምሬም መግቢያ መውጫ አጡና እሺ አሉ። ስለዚህም አባ ገብረ ሚካኤል ወደ አምስት ዓመት ገደማ በዘመድ ልመና ከሙታን፣ በእህታቸው ልመና ከእሱራን ሲጠሩ ኖሩ፤ የማኅበር ድርሻቸውም አልተቋረጠም።

በሐምሌ 1935 ዓ.ም.፣ በአርብ ገበያ ጨውና አቡጀዲ የሚሸጡት አቶ መሐሙድ ረጀብ፣ እግሩ ያበጠ አንድ ከሲታ ሰው ከመንገድ ዳር ተቀምጦ አገኙ። ስሙን ሲጠይቁት ደነገጡ፤ ተዝካሩ የተበላ ሰው ነበረና። አቶ መሐሙድ ጭነታቸውን ከአንድ ወዳጃቸው ቤት ጥለው፣ መነኩሴውን በገዛ በቅሏቸው አስቀምጠው፣ እሳቸው በእግራቸው እየሳቡ አፋፍ ሥላሴ ድረስ አመጡላቸው። ወይዘሮ ዘርፌ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና ብለው አዩ፤ ሰፌዱን አስቀመጡ፤ አልጮኹም።

«ተዝካርህን በልተውታል፤ ድርሻህ ግን አለ» አሉት።

ገብተው የዚያን ወር ዳቦና ያችን ቆብ ይዘው ወጡ። ቆቡን በራሱ ላይ አደረጉለት፤ ዳቦውንም በእጁ ሰጡት። አቶ ሞላ ስለ በሬው እጅግ አፍረው ሊሸሸጉ ደርሰው ነበር፤ አባ ግን ስሞት ሁለተኛ በሬ እንዳትጥሉ ብለው አሳቋቸው። መምሬ ወልደ ሰንበት በዚያው ቀን ካራ አስመጥተው ስሙን ከብራናው ጀርባ ፋቁት። የተፋቀበት ቦታ ሳስቶ እስከ ዛሬ ይታያል።

በሚቀጥለው 27 ማኅበሩ በደስታ ተሰበሰበ። አባ ገብረ ሚካኤል ያዩትን ሲናገሩ፣ ከባሕር ማዶው እስር ቤት አጠገባቸው ይተኛ የነበረ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ነገሯቸው። ቋንቋቸው አይገናኝም፤ ሁለቱንም ቀማምሶ የሚያውቅ ሌላ እስረኛ ነው ያስረዳቸው። ሽማግሌው በአገሩ ቄስ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን ዝጋ ቢሉት አልዘጋም ብሎ ታሰረ። ጠያቂ የለውም፤ ደብዳቤም መጥቶለት አያውቅም። ጠዋት ጠዋት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዮሐንስ ይላል፤ ወደ አባ ያመለክትና ሚካኤል ይላል፤ ከዚያ ያማትባል። አባ የተፈቱ ዕለት የዳቦውን እኩሌታ ሰጥቷቸው ስሙን ሦስት ጊዜ ነገራቸው። አትርሳኝ ማለቱ እንደ ሆነ ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም አሉ አባ። እሱን አልፈቱትም።

የማኅበሩ ሙሴም፣ ማለት አለቃው፣ ምስጋና አቀረቡ፤ እስረኛችን ተፈቷልና ከእንግዲህ ለእስረኛ የምናስቀምጠው ድርሻ ይቅር አሉ። ሁሉም ተስማማ። ወይዘሮ ዘርፌ ከሴቶቹ በኩል ተነሡ።

«የእኔስ መጣ። የዮሐንስስ?»

 መምሬ ወልደ ሰንበት፣ ሃይማኖቱ እንደኛ መሆኑ ይታወቃል ወይ ብለው ጠየቁ፤ ጥያቄያቸው የካህን ጥያቄ ነበር። ወይዘሮ ዘርፌም በክርስቶስ ስም መታሰሩ ይበቃናል፣ ሌላውን ሲፈታ እንጠይቀዋለን አሉ። መምሬ ሳቁ፤ ቀለምና ብርዕ አስመጥተው በብራናው ፊት፣ ከሕያዋን ተርታ፣ ዮሐንስ ብለው ጻፉ። ለሽማግሌ ሰው አንቱታ ይገባው ነበር፤ ወይዘሮ ዘርፌ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ሆድ ልጃቸው አንተ አሉት፤ አገሩም ተከተላቸው።

የዮሐንስ ድርሻ የሚላክበት ቤት ስላልነበረው ወይዘሮ ዘርፌ ንፋስ መውጫ ወዳለው እስር ቤት ይወስዱት ጀመር። ዮሐንስ የላከላችሁ ነው ብለው ያድሉታል። ሌባውም፣ በድንበር ሰው የገደለውም የዮሐንስን ዳቦ በላ፤ በልቶም እሱን ያስፈታው እያለ መረቀ። እስረኞቹ የዮሐንስ እናት ይሏቸው ነበር። አንድ ዘበኛ ይህ ዮሐንስ የሚባለው ሀብታም የት ነው የሚኖረው ብሎ እንደ ጠየቃቸው፣ እሳቸውም እንዳንተ ካለ ዘበኛ እጅ ነው ብለው እንደ መለሱለት ይነገራል።

ከ1953 ዓ.ም. በኋላ አቶ መሐሙድ ራዲዮ ገዙ። ወይዘሮ ዘርፌ ዓርብ ዓርብ ገበያ ሲወርዱ የጨው ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት የታሰረ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። አቶ መሐሙድም የሰሙትን አይደብቁም፤ በአንዱ አገር ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ በሌላው ካህናት ታሰሩ፣ በሌላው ሰዎች ልጆቻቸውን ተደብቀው ክርስትና ያስነሳሉ ይሏቸዋል። እኔ ወሬ ባመጣሁ ቁጥር የማኅበርተኛው ዳቦ እየሳሳ ነው ብለው ይቀልዱባቸዋል። ችግሩ ስም ነበር። በእኛ ዘንድ ሰው ለጸሎት የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ራዲዮው ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎች ይላል እንጂ ስም አይጠራም። ወይዘሮ ዘርፌ በዚህ ራዲዮ እጅግ ተበሳጩ። ኋላ አባ ገብረ ሚካኤል መላ አገኙና በዮሐንስ ስም ጎን «ምስለ አብያጺሁ» ብለው ጨመሩ፤ ከነባልንጀሮቹ ማለት ነው። በየአገሩ የተሰደዱት ሁሉ በዚያች ቃል ገቡ። ለአቶ መሐሙድ ግን የክርስትና ስም ስላልነበራቸው በብራናው መጻፍ አልተቻለም፤ ወይዘሮ ዘርፌም በየማታው ጸሎታቸው፣ ያንን ወንድሜን በበቅሎ ያመጣልኝን ሰውዬ አደራ ይሉ ነበር። እግዜር በቅሎውን ያውቃታል ይሉ ነበር ስንጠይቃቸው።

በ1958 ዓ.ም. ውርጭ ገብሱን በአበባው መታው። ብዙ ቤት ለልጆቹ የሚያበላው አጣ። ማኅበሩ እስኪያልፍ ድረስ የዮሐንስ ድርሻ ይታለፍ ብሎ ወሰነ፤ ማንም በክፋት አላለውም። ወይዘሮ ዘርፌ አልተከራከሩም፤ በዚህ ሁሉም ተገረመ። የደረሳቸውን ዳቦ ሳይቆርሱ በነጠላቸው ጠቀለሉና ይዘው ንፋስ መውጫ ወረዱ። አሥር ወር ሙሉ እንዲሁ አደረጉ። በአሥራ አንደኛው ወር የማኅበሩ ሙሴ ማንም ሳይነግራቸው የዮሐንስን ዳቦ ለብቻው ቆርጠው አስቀመጡ።

ባለቤታቸው አቶ ሞላ በ1952 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ገብሴን ለባሕር ማዶ ሰው ጨረሰችው እያሉ ሲነጫነጩ ኖረው፣ በሞቱበት ወር የማኅበር ቀን ከመደባቸው ቀና ብለው ለዮሐንስ ተቀዳለት ወይ ብለው ነው የጠየቁት። ወይዘሮ ዘርፌ ይህንን እያነሡ ብዙ ጊዜ ያለቅሱ ነበር። ሰባት ወልደው ሦስት አሳድገዋል፤ ስንዱ ሞላ፣ ጌጤ ሞላና ደምሌ ሞላ ናቸው። እውነቱን መናገር ካለብን ለልጆቻቸው ቀላል እናት አልነበሩም። ትእዛዛቸው አይደገምም፤ ፍየል አይወዱም፤ የተዋሱትን ወንፊት የማይመልስ ሰው አይወዱም። ስብከት ሲረዝም ያንቀላፋሉ፤ ስለ ታሰሩት የሚጸለየው ሲደርስ ግን ማን እንደ ቀሰቀሳቸው ሳይታወቅ ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

መምሬ ወልደ ሰንበት በስተርጅና፣ ዮሐንስ እኮ ያኔ ሽማግሌ ነበር፣ ዛሬ መቶ ሊደፍን ነው፣ ወደ ጀርባው እናዙረው ቢሏቸው መልሳቸው ያው ነበር። ማን አየ አሉ። መምሬ ራሳቸው ዐርፈው ስማቸው ወደ ጀርባው ዞረ፤ ዮሐንስ ከፊት ቀረ።

ከኅዳር 1964 ዓ.ም. ጀምሮ ደረታቸውን ያማቸው ጀመር። ሐኪም አያቸው፤ ፀበልም ተጠመቁ፤ አልበጅ አለ። ሞትን ሲፈሩ አላየናቸውም፤ የፈሩት ሌላ ነበር። አባ ስለ ዮሐንስ ሲያወሩ የሰሙት ማኅበርተኞች አልቀው ሦስት ሰው ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ወራሻቸው ስንዱ ደግሞ ላላየሁት ሰው ጠላ ስጠምቅ አረጀሁ እያሉ ሲያጉረመርሙ ነው የኖሩት። እኔ ስሄድ ዮሐንስም ይቀራል እያሉ ይተክዙ ነበር።

የጥር 27 ተራ የእሳቸው ነበር። ማኅበሩ መጥቶ በመደባቸው ዙሪያ ተቀመጠ። ወይዘሮ ስንዱ ዳቦውን ይባርኩ ብለው ለአባ ሰጡ፤ ተባርኮ ሲመለስላቸው ቢላዋ አነሡና ከሁሉ አስቀድመው አንድ ድርሻ ቆረጡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉት። ያዘዛቸው የለም። እናታቸው ከተኙበት ያዩ ነበር። ከዚያ በኋላ ፊታቸው ፈካ፤ ቀና አድርጉኝ ብለው ማኅበሩን ተናገሩ።

«ዮሐንስን እዚያ ካገኘሁት አገኘሁት። ካላገኘሁት በሕይወት አለ ማለት ነው። ወሬ እስክልክባችሁ ድረስ ድርሻውን እንዳታስቀሩ።»

ሁላችንም ሳቅን። ወሬውን በማን እንደሚልኩት የጠየቀ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ቀን፣ ጥር 30 ቀን 1964 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ በተወለዱ በ71 ዓመታቸው፣ እጃቸው በወንድማቸው እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

የደብሩ ካህን ብራናውን ይዘው መጡ። ወለተ ሥላሴ የሚለውን ከፊት ወደ ጀርባ ለማዞር ማን ያየ አለ ብለው ጠየቁ፤ ይህ ጥያቄ በአፋፍ ሥላሴ ሥርዓት ሆኖ ቀርቷል።

«እኔ አይቻለሁ» አሉ አባ ገብረ ሚካኤል።

ብርዑን ተቀብለው በእጃቸው ጻፉት። ብራናው ሞልቶ ሌላ ቦታ አልነበረም፤ የቀረው ያ ሠላሳ ዘመን ሊሞላው ጥቂት የጎደለው፣ የእሳቸው የራሳቸው ስም የተፋቀበት የሳሳ ቦታ ብቻ ነበር። የእህታቸው ስም እዚያ ላይ ሰፈረ። ተዝካሩ የተበላለት ወንድም ዛሬ በሕይወት ቆሞ እህቱን ፈታ።

ወይዘሮ ዘርፌ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ልጆች፣ ዐሥራ ዘጠኝ የልጅ ልጆችና አራት የልጅ ልጅ ልጆች አፍርተዋል። ወንድማቸው አባ ገብረ ሚካኤል ደምሌ ከፊታችን ናቸው። አቶ መሐሙድ ረጀብም ከአርብ ገበያ ከነልጆቻቸው መጥተው ከቅጥሩ በር ቆመዋል፤ እንደ ቤተ ዘመድ እንቆጥራቸዋለን። ከእነዚህ ሌላ ዮሐንስ፣ ከእሱም ጋር በየአገሩ ስለ ክርስቶስ ስም የታሰሩ፣ የተሰደዱ፣ ጠያቂ ያጡ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ልጆቻቸው ሁሉ ከወይዘሮ ዘርፌ በኋላ ቀርተዋል። የየካቲት ጽዋ በወይዘሮ ስንዱ ቤት ነው፤ የዮሐንስ ድርሻም እዚያ አለ።

ለማልቀስ የመጣችሁ ወገኖች፣ ለእሳቸው ከማልቀሳችሁ በፊት ስለ ታሰሩት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ድገሙ፤ ይህ የሟች ቃል ነው። መድኃኔ ዓለም በሰንሰለት ያሉትን ይፍታ፤ የወይዘሮ ዘርፌን የደከመች ነፍስም በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍ። እኛ ዓይናችን አይቷልና በጀርባው ጻፍናቸው፤ እሱ ግን በፊተኛው ገጽ፣ ከሕያዋን ተርታ ይጻፋቸው። አሜን።